ሊወድቅ የተቃረበ ሕንፃ በከተማ ገንዘብ ስለሚፈርስበት ውል

የአንድ ከተማ አስተዳደር በሕዝብ ገንዘብ ሥራ ሲያሠራ የሚከተለው ሥርዓት የታወቀ ነው። ሥራው በጋዜጣ ይገለጻል፤ ተጫራቾች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ያቀርባሉ፤ ፖስታውም በተወሰነው ቀንና ሰዓት በይፋ ይከፈታል። ይህ ሁሉ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ግንቡ ተሰንጥቆ ወደ መንገድ ያዘነበለ ሕንፃ ግን የጨረታ ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ታላላቅ ከተሞች የሕዝቡን ሕይወትና የሕዝቡን ገንዘብ በአንድነት ለመጠበቅ እንዴት ያለ ውል እንደሚዋዋሉ ማወቅ፣ በተለይ ሱቁ ከአሮጌ ግንብ ጥግ ለሆነ ነጋዴ ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ለዚህም የኒው ዮርክ ከተማ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በኒው ዮርክ ሕንፃው ይፍረስ ብሎ የሚወስነውና አፍራሹን የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት አንድ አይደለም። የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት መርማሪውን ልኮ አደጋው ቅርብ መሆኑ ሲረጋገጥ የአስቸኳይ አደጋ መግለጫ ያወጣል። ባለቤቱ በራሱ ተቋራጭ ፈጥኖ ካላፈረሰ ጉዳዩ የቤቶችን ጥበቃና ልማት ወደሚመራው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፤ ሥራ ተቋራጩን የሚያዘው ይኸው ሁለተኛው ነው። ወሳኙ ገንዘብ አይከፍልም፤ ከፋዩም ይፍረስ ብሎ አይወስንም። ይህ መለያየት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተቋራጭ ወዳጅ የሆነ ሹም ደኅናውን ቤት እንዳያስፈርስ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ የሚረዳው እርሱ ነው። አደጋው ያን ያህል ያልቀረበ ሲሆን ግን ነገሩ በፍርድ ቤት በኩል ያልፋል።

ከጨረታ ሥርዓት ለመውጣት የሚፈቅደው የከተማው ቻርተር 315ኛው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል መሠረት አስቸኳይ ግዥ የሚፈቀደው ለሕይወት፣ ለደኅንነት፣ ለንብረት ወይም ለአስፈላጊ አገልግሎት ያልታሰበ አደጋ ሲደርስ ነው። ይህም ቢሆን የከተማው ሒሳብ ተቆጣጣሪና የከተማው የሕግ ሹም አስቀድመው መስማማት አለባቸው፤ ተቋራጩ ለምን እንደ ተመረጠም በጽሑፍ ይገለጻል። ጊዜው የሚፈቅደውን ያህል ደግሞ ውድድር መኖር አለበት። በታሸገ ፖስታ ፈንታ ለጥቂት ተቋራጮች በስልክ ደውሎ ዋጋ መጠየቅም ውድድር ነው። ከዚህ ሌላ ውሉ አደጋውን ለማራቅ ከሚበቃው ሥራ ማለፍ የለበትም፤ ያዘነበለውን ግንብ ለማውረድ የተሰጠ ፈቃድ በቦታው አዲስ አጥር ለማሠራት መንገድ አይሆንም።

የዋጋው ነገር የበለጠ ያስቸግራል። አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ንድፉን አይቶ ይተምናል፤ የሚያፈርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ለመግባት እንኳ አይደፍርም። ከምድር በታች ያለው ክፍል ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው፣ ግንቡ ለጎረቤቱም ቤት ግንብ መሆን አለመሆኑን፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መሥመር መቆረጡን ማወቅ አለበት። አስቤስቶስም አለ። በአሜሪካ ደንብ ሊወድቅ የደረሰ ሕንፃ አስቀድሞ ሳይመረመር ሲፈርስ ፍርስራሹ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቈጠራል፤ በውኃ እየረጠበ ይፈርሳል፣ ተለይቶም ይጣላል። የዚህ ማጓጓዣና መጣያ ወጪ ከማፍረሱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ተቋራጩ በጥቅል ዋጋ ቢዋዋል የማያውቀውን ሁሉ በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ በሰዓትና በዕቃ ሒሳብ ቢዋዋል ደግሞ ሥራውን ለማፍጠን ምክንያት አይኖረውም። የተሻለው መንገድ ክፉው ቀን ሳይመጣ የሰዓቱን፣ የመኪናውንና የፍርስራሹን ዋጋ በመለኪያ ተስማምቶ ማስቀመጥ፣ ሥራው ሲጀመርም የየዕለቱን የሠራተኛና የጭነት ቍጥር ሁለቱ ወገኖች በዚያው ማታ እንዲፈርሙበት ማድረግ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንት መኪና እንደ ተጫነ የሚያስታውስ የለም።

ርካሽ ዋጋ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የፊላዴልፊያ ከተማ ታሪክ ያሳያል። በኤውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በመፍረስ ላይ የነበረ የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግንብ ከአጠገቡ ባለ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሱቅ ላይ ወደቀ። ሱቁ ክፍት ነበረ፤ ገዥዎችና ሻጮች በውስጡ ነበሩ። በዚያ ቀን 6 ሰዎች ሞቱ፤ 7ኛው በኋላ ዐረፉ። ውሉ የከተማው ሳይሆን የግል ባለቤት ውል ነበረ፤ አፍራሹ የተመረጠው ግን ከሌሎቹ እጅግ ባነሰ ዋጋው ነው። ያ ተቋራጭ በ2016 ዓ.ም. ከ15 እስከ 30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የካሣ ክርክር የከሳሾች ጠበቆች የሱቁ ባለቤት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሳለ ሱቁን አልዘጋም ብለው ተከራከሩ፤ የፍርድ ሸንጎውም ከኃላፊነቱ 75 በመቶውን በሱቁ ባለቤት ላይ ጣለ። ነገሩ በ227 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አለቀ። ሱቅ ያለው ሁሉ ይህን አኃዝ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ይገባል፤ ግንቡ የጎረቤት ነውና እኔን አይመለከተኝም ማለት በዚያ ሸንጎ ፊት አልረባም።

በአስቸኳይ ውል ሽፋን የሚመጣ ሌላ ፈተናም አለ። በዲትሮይት ከተማ ባዶ ቤቶችን ለማፍረስ ብዙ ገንዘብ ሲፈስ ከጨረታው ጋር የተያያዘ ጉቦ ተገኝቶ በ2019 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ጥፋታቸውን አምነዋል።

ወጪው መጨረሻ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ለተቋራጩ ከከፈለች በኋላ ሒሳቡን ለባለቤቱ ትልካለች፤ ካልተከፈለ እንደ ግብር ዕዳ በቦታው ላይ ይመዘገባል፤ ይህም ዕዳ ቦታውን በመያዣነት ከያዘው ባንክ ይቀድማል። ባዶ ቦታ በርካሽ አገኘሁ የሚል ገዥ የማፍረሻውን ሒሳብ አብሮ ሊገዛ ይችላል።

በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ አደጋ የሚያሰጋው ጎረቤትም ባለቤቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ለመጠየቅ ይችላል። ጥያቄው በቃል ብቻ ቢቀር ማስረጃ አይሆንም፤ ቀን ተጽፎበት፣ ግልባጩ ለማዘጋጃ ቤት ተሰጥቶ፣ መቀበያው ከዶሴ ጋር ሊቀመጥ ይገባል። ሕንፃው እንዲለቀቅ ከታዘዘ በኋላ በሱቁ ውስጥ የቀረውን ዕቃ ለማውጣት ላይፈቀድ ይችላልና፣ የዕቃው ዝርዝርና የግዥው ፋክቱር በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለባቸው። የኢንሹራንስ ፖሊሲውንም መመልከት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የተለመደው የንብረት ፖሊሲ በሕግ ትእዛዝ በመፍረስ የሚደርሰውን ኪሣራ አይሸፍንም፤ ይህን የሚፈልግ ነጋዴ ለብቻው ተጨማሪ ይገዛል።