ቀይ ቀበሮና የእብድ ውሻ በሽታ

ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የሚኖረው በውርጫማው ደጋ፣ በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ተራሮች ነው። የባሌ ኦሮሞዎች ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል። ዛሬ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም።

ብዙ ሰው «በግ ጨራሽ ነው» ይለዋል። እውነት ነው ወይ? በወሬ ከምንፈርድ ማስረጃ እንይ። ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች የቀበሮውን ዓይነ ምድር እየለቀሙ በውስጡ የቀረውን ጸጉርና ጥርስ መረመሩ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ሳቅን፤ ነገር ግን የበላውን የሚያጋልጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር የት ይገኛል? ከተገኘው ከመቶ 96 እጁ አይጥና ፍልፈል ነበር። ግልገል ፈጽሞ አይነካም ማለታችን አይደለም፤ አልፎ አልፎ ይነካል። ዋናው ቀለቡ ግን አይጥ ነው።

ታዲያ ቀበሮውን የሚጨርሰው ምንድን ነው? አንደኛው የእርሻ ወደ ተራራው መውጣት ነው። ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እሱም የሚመጣው ከኛው ውሻ ነው። ቀበሮዎች ለአደን ለየብቻ ቢወጡም ጧትና ማታ ተሰብስበው ይተሻሻሉ። ስለዚህ አንዱ ከተነከሰ መንጋው ያልቃል። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በሽታው በባሌ ወብ ሸለቆ ገባና በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ።

ሁሉንም ይዞ መከተብ አይቻልም ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን የየመንጋውን ክልል አስቀድመው አጥንተው ስለነበር፣ ከሸለቆው ወደ ሌላው ተራራ በሚያሻግረው ጠባብ መተላለፊያ ያሉትን መርጠው ከተቡ። ሰደድ እሳት ሲነሳ ገበሬ ምን ያደርጋል? ሜዳውን ሁሉ ውሃ አይረጭም፤ እሳቱ የሚያልፍበትን ሣር አጭዶ ይቀድመዋል። ይህም እንደዚያው ነው። በሽታው ሳይሻገር ቀረ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ከትቶ ማብላት ተጀመረ፤ እንዲህ ሲሆን ቀበሮውን መያዝም አያስፈልግ።

ያው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡለት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ቁስሉ ትንሽ ናት» ብሎ መቆየት አይገባም፤ በሽታው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያልና።