ኤቲኤም ሰው አይለይም



በዓይናለም «ልጄ፣ በዚህ ካርድ ብር አውጣልኝ» ያልተባለ ወጣት ጥቂት ነው። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶባት የቆየችው መቀሌ ደግሞ ያጠራቀሙትን ብር ማጣት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ አደራ የምንቀበል ሁሉ የማሽኑን ጠባይ እንወቅ። ኤቲኤም ሰው አይለይም፤ የሚያውቀው ካርዱንና የምስጢር ቁጥሩን ብቻ ነው።

1ኛ/ ቁጥሩን በካርዱ ላይ አንጻፍ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ይጠፋል።

2ኛ/ ቁጥሩን ስንነካ በሌላው እጃችን እንከልል።

3ኛ/ «ላግዝህ» የሚል እንግዳ ቢመጣ ካርዱን አንስጥ፤ ካርድ የሚለወጠው በዚያች ቅጽበት ነው።

4ኛ/ ማሽኑ ካርዱን ቢያስቀር ቅርንጫፉን እንጠይቅ፤ ከተዘጋ ደውለን እናሳግድ። የንግድ ባንክ ስልክ 951 ነው።

5ኛ/ ያልተገባንን ብር ቢሰጠን አንውሰድ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸበት ሌሊት ብዙዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለ ብር አወጡ፤ ድምሩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ወጪ በስም ተመዝግቦ ስለነበር ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እናቶቻችንን ይዘን ሄደን ራሳቸው እንዲያወጡ ማስተማር ነው። ቁጥሩን ሲነኩ እኛም ፊታችንን ዞር እናድርግ።