ንግድ መፍጠርና ንግድ ማዞር፦ ከኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና አንጻር

ቀጠናዊ የንግድ ስብስቦች ለአባላቶቻቸው ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ ለሚለው ጥያቄ አንድ አጠቃላይ መልስ መስጠት አይቻልም። ጃኮብ ቫይነር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው የጉምሩክ ኅብረት ጥናቱ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን ለይቷል፤ እነርሱም ንግድ መፍጠርና ንግድ ማዞር ናቸው።

ልዩነቱን በምናባዊ አኃዝ እንመልከት። አንድ ዕቃ በዓለም ገበያ 100 ብር፣ በጎረቤት አባል አገር 110 ብር ያወጣል እንበል፤ የአስመጪዋ አገር ቀረጥ በሁሉም ላይ 20 በመቶ ይሁን። ከስምምነቱ በፊት ዕቃው ከዓለም ገበያ መጥቶ በ120 ብር ይሸጣል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ብሩ የመንግሥት ገቢ ነው። በጎረቤቲቱ ዕቃ ላይ የተጣለው ቀረጥ ሲነሣ ሸማቹ ወደ እርሷ ይዞራል። እርሱ 10 ብር ሲያተርፍ ግምጃ ቤቱ 20 ብር ያጣል። ፍጆታው ካልጨመረ አገሪቱ በእያንዳንዱ ዕቃ 10 ብር ትከስራለች፤ ይህ ንግድ ማዞር ነው። ዕቃው ቀድሞ በአገር ውስጥ በ115 ብር ይመረት ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ 5 ብር የሚያወጣ ሀብት ለሌላ ሥራ ይተርፋል፣ ግምጃ ቤቱም የሚያጣው ነገር የለም።

የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) እ.ኤ.አ. በ2000 ነፃ የንግድ ቀጠናውን ሲመሠርት ኬንያንና ግብፅን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮች ገቡበት። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም ከቀጠናው ውጭ ቆየች። ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ጎልቶ የሚሰማው የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች በኬንያና በግብፅ አምራቾች ይዋጣሉ የሚለው ሥጋት ነው። በቫይነር መለኪያ ግን ይህ ውድድር ንግድ የሚፈጥረው ክፍል ነው፤ ሥጋቱን ለመደገፍ ጀማሪ ኢንዱስትሪው ጊዜ ቢሰጠው ወጪውን እንደሚቀንስ ማሳየት ያስፈልጋል። በጸጥታ የሚያልፈው የገቢ ኪሳራ ደግሞ ቀረጡ ከፍ ባለ ቁጥር ይሰፋል።

የምርት አመጣጥ ደንብም ሊታለፍ አይገባም። በኮሜሳ አንዱ መመዘኛ ከፋብሪካ መውጫ ዋጋው ቢያንስ 35 በመቶው በአባል አገር የተጨመረ እሴት እንዲሆን ይጠይቃል። ማረጋገጫውን ማዘጋጀት ከቀረጥ ነፃነቱ የበለጠ የሚያስወጣው አነስተኛ ላኪ ቀረጡን ከፍሎ ማለፍን ይመርጣል፤ የተሰጠው ዕድልም በወረቀት ላይ ይቀራል። ኬንያ በኮሜሳም በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም ውስጥ ስለምትገኝ ላኪዎቿ እንደ ገዢው አገር የተለያየ ደንብ ማሟላት አለባቸው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ይህንኑ ስሌት በሰፊ ገበያ ላይ ያስነሣዋል። ስሌቱ የሚሠራው ግን በየዕቃው ነው፦ ዛሬ ከማን ይገዛል፣ በስንት ቀረጥ፣ ነገስ ማን ይሸጠዋል?