ለአንጀትና ለጉበት የሚስማማ ሽምብራ በጎመን

የይፋግ ገበያ ሽምብራ የጣና ዳር ጥቁር አፈር ከክረምት ባስቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ የታመነ እህል ነው። አንጀትንም ጉበትንም ይጠቅማል፤ ሥራው ግን ከምድጃው በፊት ስፌዱ ላይ ይጀመራል። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በአንጀትና በአካባቢው አልፎ የመጣ ነው፤ አንጀት ያሳለፈውን ደግም ክፉም አስቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው።

ግማሽ ኪሎ ሽምብራ አንጓሉና በቀን ብርሃን ልቀሙት። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የነቀዘ ፍሬ ይውጣ። የሻገተውን አጥቦ መቀቀል አያድንም፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በምድጃ እሳት አይጠፋም፣ ለብዙ ጊዜ ሲበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። ለላምም አትስጡት፤ መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በወተት ውስጥ የዚህ መርዝ ዝርያ ሲገኝ ዋናው ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው የኑግ ፋጉሎ ነው። የአረም ዘርም አይናቅ። ትግራይ ውስጥ ሽሬ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ሆድ እየነፋ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ተያይዟል። ጤፉንም በደንብ ሳትነፉ አታስፈጩ። መልቀም የእናቶቻችን ሥራ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳስበኛል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ስፌዱን ይክበበው።

የተለቀመውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ እስኪለሰልስ ቀቅሉ። የሽምብራውን አሰር ሆዳችን አይፈጨውም፤ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጣው ቡቲሬት የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳትን ይመግባል፤ ግድግዳው ሲጠነክር የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ጉበት መሹለኩ ይቀንሳል። ያልለመደ ሆድ ስለሚነፋ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃል።

አንድ እስር ጎመን አጥባችሁ ክተፉና 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሲከተፍ የሚነቁት ውህዶች በአንጀት ግድግዳ ያሉትን ተከላካይ ሕዋሳት እንደሚደግፉ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሽንኩርት በሁለት ማንኪያ የኑግ ዘይት አቁላሉ፤ ሰውነት ከጎመን ቫይታሚን ኤ የሚያገኘው ቅባት ሲኖር ነውና ዘይቱን አትተዉ። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ጎመኑን፣ በመጨረሻ ሽምብራውን ከነመረቁ ጨምሩ። የጎመኑ አረንጓዴ መልክ ሳይጠፋ አውርዱ።

እንጀራውስ? በፎገራ የሩዝ ዱቄት መቀላቀል ተለምዷል፤ ነጭ ሩዝ አሰሩ ጥቂት ስለሆነ ጤፉ ይብለጥ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ዚንክ ደግሞ ለአንጀት መከላከያ የግድ ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሆዱ ያበጠ ሰው ካለ ምግብ መድኃኒት አይሆነውም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ለጉበት» ተብሎ የሚሰጥ ሥርና ቅጠል ራሱ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል አታስቀድሙ፤ የጠጣ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ።