የዋን ሊ ሹመትና የአንሁዊ እህል

ዋን ሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. በቻይና አገር በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። በ1977 የአንሁዊ ክፍለ ሀገር የኮሚኒስት ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ሆነው ሲሾሙ ሕዝቡን በችጋር ተጎድቶ አገኙት፤ እርሻው የጋራ ስለ ነበረ የትጉሁና የሰነፉ ድርሻ እምብዛም አይለያይም ነበርና።

በ1978 ድርቅ በጸና ጊዜ ጦም ያደረው መሬት ለገበሬዎች በውሰት እንዲሰጥ ፈቀዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሺያኦጋንግ መንደር 18 ገበሬዎች፥ ለመንግሥት የሚገባውን ሰጥተው የተረፈውን ለየራሳቸው ሊያስቀሩ፥ መሬቱን በምስጢር ተከፋፈሉ። ነገሩ የተከለከለ ነበር። በ1979 ግን ምርታቸው በረከተ፤ ዋን ሊም በመቅጣት ፈንታ ደገፏቸው።

በ1980 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ አሠራሩም በመላው ቻይና ተስፋፋ። በ2015 ዐረፉ። ከዚህ ነጋዴ የሚማረው፥ የገበያ እህል የሚበዛው ገበሬው ከድካሙ የሚቀርለትን አስቀድሞ ሲያውቅ መሆኑን ነው።