የቀበሌ ምክር ቤትና ነዋሪው፦ የፎገራ ሜዳ ምሳሌነት

ብዙዎቻችን ቀበሌን የምናውቀው መታወቂያ ስናወጣ ብቻ ነው፡፡ ቀበሌ ግን ማኅተም የሚመታበት ቢሮ ብቻ ሳይሆን ነዋሪው ራሱን እንዲያስተዳድርበት የቆመ ሸንጎ ነው፡፡ አመሠራረቱንና አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት፡፡

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ፡፡ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋሙ፡፡ የዛሬው ቀበሌ ሥሩ ከነዚህ ነው፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል፡፡ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለቀበሌው ሦስት አካላት ሰጠው፤ እነርሱም ነዋሪው የሚመርጠው ምክር ቤት፣ ሥራ አስፈጻሚውና ጥቃቅን ክርክሮችን የሚያየው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ናቸው፡፡

ይህ አቋም በወረታ ዙሪያ ላለው ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት የፎገራ ሜዳ ጥንት የታወቀው በከብቱ ነበር፡፡ ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሩዝ እየተስፋፋ የወል ግጦሹ እየጠበበ ሄደ፡፡ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጎርፍ ሜዳውን አጥለቀለቀው፡፡ እንግዲህ የቀረው ግጦሽ ይታረስ ወይስ ይከበር? የውሃው ቦይስ በማን ማሳ በኩል ይለፍ? ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይጎዳልና ባለሩዙና ባለከብቱ፣ የላዩና የታቹ ባለማሳ ፊት ለፊት ተነጋግረው ሊወስኑት ይገባል፡፡

ሆኖም ተሰብስቦ መስማትና ተሰብስቦ መወሰን አንድ አይደሉም፡፡ ብዙ ጊዜ ስብሰባው ከላይ የወረደ ዕቅድ ተነቦ የሚጨበጨብበት ይሆናል፡፡ የቀበሌ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተላልፏል፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ጦርነትም የቀበሌዎችን ሥራ አውኳል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሣት እንደሚችል ይናገራል፡፡ ነገር ግን መብቱን የማያውቅ ሰው እንዴት ይጠቀምበታል?

የእኛ የተማሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው፡፡ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን አጠገብ ተቀምጠን የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ እንጠይቅ፡፡ ያልተባለ ነገር ተጽፎ ቢገኝ ወይም የተባለው ተዘሎ ቢቀር፣ ማንበብ የማይችለው ጎረቤታችን ሰምቶ ያርመዋል፡፡ ምክር ቤት የሕዝብ የሚሆነው ከዚህ ሲጀምር ነው እንላለን፡፡