ግፊቱ ሳይወርድ፦ ለድንገተኛ ሕክምና ተማሪዎች የክለሳ መንገድ

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ የጎጃም ሰው እንደሚያውቀው ቀለም የሚጸናው ድምፅን አሰምተው ደጋግመው ሲቀጽሉት ነው። እኔ ግን ለድንገተኛ ሕክምና ፈተና ስሰናዳ ይህን ዘንግቼ፣ ሥርዓተ አካልን ሁሉ አጥንቱን ለብቻ፣ ጅማቱን ለብቻ፣ ዕጢውን ለብቻ ከፋፍዬ ደብተር ሞልቼ ሳበቃ፣ በቃሬዛ ከመጣ ሕመምተኛ ፊት ስቆም የሸመደድሁት ሁሉ ተበተነብኝ። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ለማገልገል ለሚማሩ ወጣቶች የክለሳውን መንገድ ልጽፍ ወደድሁ።

መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ ያዝ፤ ትንፋሽን፣ የደም ዝውውርንና አንጎልን። ሰውን በአጭር ጊዜ የሚገድል ሕመም ሁሉ፣ ከሆድ ቢነሣም ከማሕፀን፣ ከእባብ መርዝ ቢመጣም ከወባ፣ በመጨረሻ ከነዚህ በሮች በአንዱ ይገባልና፤ አንጎልም ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ለቀሩት ሥርዓቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ስጥና ሥራቸውን፣ ሲሰናከሉ በየትኛው በር እንደሚገድሉና በዓይን የሚታየውን ምልክት ጻፍ። የጤናማ ጎልማሳ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20፣ የልብ ትርታው ከ60 እስከ 100 መሆኑን በቃልህ አድርግ። እኔስ ከግድግዳ ሥዕል ይልቅ የገዛ ገላዬን እመርጣለሁ፤ ጣቴን ከቀኝ ጎድኔ ሥር አሳርፌ ጉበት፣ ከግራው ሥር ጣፊያ እያልሁ እቀጽላለሁ።

እነሆ፣ እኔ ከወደቅሁበት ስፍራ ደረስን፤ ይህን ቀስ ብለህ አንብበው። አንድ ጎልማሳ ገበሬ በሬ ግራ ጎኑን ገፍቶት ጋቢውን እንደ ተከናነበ አመጡልን። ቁስል አይታይበትም፣ አጥርቶ ይናገራል፣ ግፊቱን ብለካው 110 በ70 ሆነ፤ እኔም «ደኅና ነው» ብዬ ጻፍሁ። ግራ ትከሻዬን ያመኛል ቢለኝ ሲወድቅ መትቶት ይሆናል ብዬ አለፍሁት፤ ትንፋሹን ሳልቆጥር 20 ብዬ ሞላሁ። መንገድ እንደ ጀመርን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ ግፊቱም በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ለካ ጣፊያው ተቀድዶ ሆዱ በደም ተሞልቶ ኖሯል። በቀዶ ሕክምና ነፍሱ ተረፈች፤ ያ ያልገለጥሁት ጋቢ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ወጣት ሲደማ ልቡ ይፈጥናል፣ የእጅና የእግሩ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ትንፋሹም ይበዛል፤ እነዚህ ሥርዓቶች እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ግፊቱን ስለሚያቆሙት፣ 1.5 ሊትር ገደማ እስኪፈስ ድረስ የላይኛው ቁጥር ላይወርድ ይችላል። ግፊቱ ሲወርድ ጠብቆ የሚነሣ ሰው እንግዲህ ዘግይቷል። በኛ ቆላ ደግሞ፣ እንደ ብር ሸለቆ ባለው ስፍራ፣ ወባ የተመላለሰበት ሰው ጣፊያው አብጦ ከጎድኑ በታች ስለሚወርድ ቀላል ምት እንኳ ሊቀድደው ይችላል፤ የፈሰሰው ደም የሆድንና የደረትን መጋረጃ ሲነካው ሕመሙ በግራ ትከሻ ይሰማል።

አደራህን፣ ትንፋሽን ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠር፤ 15 ሴኮንድ ቆጥረህ በ4 አታባዛ። ሕመምተኛው እየቆጠርህ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣልና የእጁን ትርታ እንደምትለካ ሆነህ ደረቱን ተመልከት፤ ጋቢ ካለበት ግለጠው። ቀጥለህ የጣቱን ጥፍር ተጭነህ ልቀቅ፤ ቅላቱ ለመመለስ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ፣ ትርታውም ከፈጠነ፣ ግፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር «ደኅና ነው» አትበል። ይህን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ከልሰህ ሌላውን አንድ ጊዜ ብታየው አልወቅስህም።

የቀረው ይቀላል። በፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ምራቁና እንባው ይፈስሳል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል፤ መርዙ በቆዳ ስለሚገባ ጓንት አጥልቀህ ልብሱን አውልቅ። ከወሊድ በኋላ ደሟ ከ500 ሚሊ ሊትር ያለፈ እናት ማሕፀኗ ጠጠር እስኪል በእጅ ይታሻል። ወባ ይዞት ራሱን የሳተ ሕፃን የደም ስኳሩ ይለካ። በእባብ የተነደፈን አትብጣ፣ አትሰር፣ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ደግፈህ ውሰደው።

በመጨረሻ ከባልንጀራህ ጋር ተለማመድ። እርሱ ቤተ ዘመድ ይሁን፤ የበሽታውን ስም ሳይነግርህ በቤታቸው እንደሚባለው «ምች መቶት ነው»፣ «ልቡን ሳተ» ብቻ ይበልህ፣ አንተም ከሦስቱ በሮች የትኛው እንደተነካ ጠይቀህ ድረስበት። እኔ ነጭ ፕላስተር ከሱሪዬ ጭን ላይ ለጥፌ ሰዓቱን፣ ትንፋሹን፣ ትርታውን በየ5 ደቂቃው እጽፍበታለሁ፤ ሆስፒታል ስደርስም ልጬ ከሕመምተኛው ወረቀት ላይ አጣብቀዋለሁ። በመስመሩ መጀመሪያ የምጽፈው ትንፋሹን ነው፤ ግፊቱን ከሁሉ በኋላ።